ለኔፔንቴስ ጥሬ ሥጋ ይሰጠዋል ወይ?

ውድ እህታችን፣ የገዙት ኔፔንቴስ (ከቅጠሉ ጫፍ በሚንጠለጠል ገንቦ መሰል ወጥመድ ነፍሳት የሚይዝ ተክል) ገንቦዎቹ ከአፋቸው ጀምሮ እየደረቁ እንደሆነ፣ ብርዱ ስለ ገባም ቤትዎ ዝንብ እንደማይገኝ ጽፈው፣ ጥሬ ሥጋ ከትፈው ቢጨምሩለት ይሻለው እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ ሥጋውን አይጨምሩ። እኔም ሜሪላንድ ውስጥ አፓርታማ ላይ ይህንኑ ቬንትራታ የተባለውን ድቅል ለዓመታት ስላሳደግሁ፣ ያየሁትን ልንገርዎ።

ሥጋ፣ በተለይ ስብ ያለበት፣ ገንቦው ውስጥ ሳይፈጭ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ፈሳሹ ደፍርሶ ይሸታል፤ ቀጥሎ የገንቦው ግድግዳ ከታች በኩል ይጠቁራል። አይብና እንቁላልም ያው ናቸው።

ተክሉ ምግቡን የሚሠራው እንደ ማንኛውም ቅጠል ከብርሃን ነው። ነፍሳት የሚይዘው የሚበቅልበት አፈር ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ስለሚያጥረው ነው፤ ስለዚህ ዝንብ ለእርሱ ማዳበሪያው ነው። በቦርኒዮ ተራሮች የሚገኘው «ኔፔንቴስ ሎዊ» የተባለው ዝርያማ፣ ቱፓያ የተባለች ትንሽ አጥቢ እንስሳ ከክዳኑ ሥር ያለውን ጣፋጭ ፈሳሽ እየላሰች የምትጥልለትን ኩስ ተቀብሎ ይኖራል! ይህን ሳውቅ ለተክሉ ያለኝ ፍቅር ጨመረ።

መመገብ ከፈለጉ ለዓሣ መኖነት የሚሸጡትን የደረቁ ቀይ ትሎች ይግዙ። ሁለት ሦስቱን በጠብታ ውሃ አርሰው በወረንጦ ወደ ገንቦው ይጣሉ። ትንሽ ፌንጣም ይሆናል፤ ከገንቦው አፍ ስፋት ሲሶ አይብለጥ፣ የነፍሳት ማጥፊያ መርዝ የነካውም አይሁን። ነፍሳት ሲነኩት ቅጠሉን እንደሚዘጋው እንደ ቬነስ ፍላይትራፕ ተክል የሚንቀሳቀስ አደን ስለማይፈልግ የሞተውም ይበቃዋል። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ገንቦ ብቻ ይስጡ፤ የተገኘው ንጥረ ነገር ለመላው ተክል ይዳረሳል። ክዳኑ ያልተከፈተ ገንቦ በጣትዎ አይፈልቅቁ፣ ሲደርስ ራሱ ይከፈታል። ከመደብር ሲመጣ ፈሳሹ የተደፋበት ካለ እስከ ሩቡ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ይጨምሩለት።

ወደ መድረቁ ልመለስ። አንድ ገንቦ ጥቂት ወራት አገልግሎ ቢደርቅ ዕድሜው ነው። የደረቀውን ገንቦ ብቻ ይቁረጡ፤ የተንጠለጠለበት ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ ግን አይንኩት፣ ገና ይሠራል። ሊያሳስብዎ የሚገባው አዲስ ገንቦ አለመውጣቱ ነው። የአዲሱን ቅጠል ጫፍ ይመልከቱ፦ ከጫፉ የሚወርደው ቀጭን ሐረግ መጨረሻው ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል እብጠት ይዞ ወደ ላይ ከታጠፈ ገንቦ እየመጣ ነው። ሐረጉ ደርቆ ከቀረ ብርሃን አንሶታል፤ አለዚያም ማሞቂያው አየሩን አድርቆበታል። በደቡብ በኩል ወዳለ መስኮት ያስጠጉት፣ ከማሞቂያው አፍ ያርቁት፤ ቀኑ ሲያጥር የኤልኢዲ መብራት በቀን ለ12 እስከ 14 ሰዓታት ያህል ቢያበሩለት በጣም ይረዳዋል።

የቧንቧ ውሃ በፍጹም አያጠጡት፤ በውስጡ ያለው ጨውና ኖራ ሥሩ ላይ እየተከማቸ ይጎዳዋል። የዝናብ ወይም ዲስቲልድ ውሃ ይጠቀሙ፣ ማሰሮው ግን ውሃ አይቁምበት። የተለመደውን የአበባ አፈርና ማዳበሪያም አይስጡት፤ ስፋግነም የተባለው የረግረግ ሞስ ፐርላይት ከተባለው ቀላል ነጭ ጠጠር ጋር ተደባልቆ ይበቃዋል።

መስኮትዎ በየት በኩል እንደሆነና እስካሁን ምን ውሃ እንዳጠጡት ቢጽፉልኝ፣ ከአዲሱ ቅጠል ፎቶ ጋር፣ የጎደለውን ለይቼ ልነግርዎ እችላለሁ።