የበዓል ኬክ ፖፕ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰላም ቤተሰብ! ገና እየቀረበ ስለሆነ ስለ ኬክ ፖፕ ያላችሁን ጥያቄ ዛሬ አምጡት። ለአዲሶች ባጭሩ፦ ኬክ ይፈረፈርና በትንሽ ክሬም ይለወሳል። ከዚያ ይድበለበላል፣ እንጨት ይሰካበታል፣ የቀለጠ ቸኮሌት ይለብሳል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ማስጌጡ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ የምለው ሌላ ነው፤ ክሬሙ ካልበዛና ሙቀቱ ከተስተካከለ ማስጌጡ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ቸኮሌቱ ከደረቀ በኋላ ይሰነጠቅብኛል። ሁሌ! ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ኳሱን በጣም ቀዝቅዞ እያለ ነው የምትነክሪው። ከፍሪዘር የወጣ ኳስ ላይ ቸኮሌቱ ወዲያው ይደርቃል። ውስጡ ግን ቀስ እያለ ሲሞቅ ያብጣል። የደረቀው ቸኮሌት አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል። አንዳንዴም በስንጥቁ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ስለዚህ ፍሪዘሩን ተዪው። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ከመንከርሽ በፊት ደግሞ 10 ደቂቃ ያህል ውጪ ይቆይ። ሲነኩት ጠንከር ያለ፣ ግን በረዶ ያልሆነ ኳስ ነው የምንፈልገው። ቸኮሌቱም ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይሁን።

ጥያቄ፦ ክሬሙ ስንት ይሁን? የኔ ሊጥ ይሆናል።

ብዙ የውጭ አሠራሮች ለአንድ ኬክ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ክሬም ይላሉ። ለእኔ በጣም በዝቷል። ጣፋጭነቱም ጉሮሮ ይይዛል። ለ500 ግራም ፍርፋሪ በ80 ግራም ጀምሪ። ልክ እንደ ጭኮ ጨበጥ ስታደርጊው ከያዘና እጅሽ ላይ ካልተለጠፈ በቃ፣ እዚያው አቁሚ። ካልያዘ በማንኪያ እየጨመርሽ እዪው። ከዚህ መጠን 30 ግራም የሚመዝኑ ወደ 20 ኳሶች ይወጡሻል።

ጥያቄ፦ ከእንጨቱ እየተንሸራተተ ቸኮሌቱ ውስጥ ይወድቃል።

ወይ ኳሱ ከብዷል፣ ወይ ክሬሙ በዝቷል፣ ወይ እንጨቱ በደንብ አልተያዘም። የእንጨቱን ጫፍ መጀመሪያ ቸኮሌት አስነክተሽ እስከ ኳሱ መሃል አስገቢ። እስኪደርቅ ጠብቂ። ስትነክሪው አታማስዪው፤ ቀጥ አድርገሽ አስገብተሽ ቀጥ አድርገሽ አውጪው። ትርፉን ለማራገፍ እንጨቱን ሳይሆን የያዝሽበትን እጅ በሌላኛው እጅሽ መታ መታ አድርጊ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ኬኬ መሃሉ ይሰምጣል። ለኬክ ፖፕ ይሆናል?

ከበሰለ ይሆናል፤ መፈርፈሩ አይቀርምና! አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ኬኩ ሳይጸና ቶሎ ይነፋና መልሶ ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል ቀንሺ፣ ስኳሩንም ትንሽ። ፈሳሹን ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨምሪ። የደረቀውን ጠርዝ ግን ቆርጠሽ አውጪ፤ ኳሱን ያጎረብጠዋል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ ልደት ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። የጾም ይሠራል ወይ ልጄ?

እንዴታ እናቴ! እንዲያውም የጾም ኬክ ለዚህ ይመቻል፣ ወዙን ይይዛልና። አንድ ተኩል ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይቀላቅሉ። ከዚያ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ትንሽ ቫኒላና አንድ ኩባያ ውሃ ይጨምሩ። አቼቶውና ሶዳው ሲገናኙ አረፋ ይሠራሉ፤ ያለ እንቁላል የሚነፋው በዚያ ነው። ስለዚህ ካዋሃዱት በኋላ አያቆዩት፣ ቶሎ ምድጃ ይግባ። በ180 ዲግሪ 30 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

በክሬም ፈንታ የለውዝ ቅቤ ወይም ማርማላታ ይጠቀሙ። ሁለት ሦስት ማንኪያ ይበቃል፣ ኬኩ ራሱ እርጥብ ነው። ለውዝ የማይስማማው ልጅ እንዳለ ግን አስቀድመው ይጠይቁ። ለልባሱ ጥቁር ቸኮሌት ይግዙ፤ ጥቁር ሆኖም የወተት ዱቄት ያለበት ስላለ ማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ነጭ ቸኮሌት በአብዛኛው ወተት አለበት። ለልጅ ልጅዎ መልካም ልደት በሉልኝ!

ጥያቄ፦ ነጭ ቸኮሌት ላይ ቀለም ስጨምር ድንጋይ ሆነብኝ።

ቀለሙ ውሃ ያለበት ነው። የቀለጠ ቸኮሌት ጠብታ ውሃ ከገባበት ይቋጠራል፤ ከሥሩ ከሚፈላው የድስት ውሃ የሚወጣ እንፋሎት እንኳ ይበቃዋል። በዘይት የተሠራ ወይም የዱቄት ቀለም ፈልጊ። ሲወፍርብሽም በዘይት አቅጥኚው። ቅቤ ግን አይሆንም፣ ውስጡ ውሃ አለ። የተበላሸውን አትድፊ፤ በትኩስ ወተት ቢቀልጥ ጥሩ ሶስ ይወጣዋል።

በነገራችን ላይ ለጀማሪ ኮምፓውንድ ቸኮሌት እመክራለሁ። በካካዎ ቅቤ ፈንታ የአትክልት ስብ ስላለው ቀልጦ በራሱ ያምርበታል። እውነተኛው ቸኮሌት ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ግን ሙቀቱን በቴርሞሜትር ካልተከታተሉት ፊቱ ነጭ ነጭ ይላል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፤ ከፍሪጅ ሳወጣው ያልበዋል።

የውጪው እርጥበት ነው ቀዝቃዛው ላይ የሚያርፈው። በተከደነ ዕቃ አስቀምጪው። ስታወጪውም ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪመጣጠን ክዳኑን አትክፈቺ።

ጥያቄ፦ የእኛን በዓል የሚመስል ማስጌጫ ንገሪን!

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ለጥምቀት የሀበሻ ቀሚስ ጥለት እወዳለሁ። ኳሱን ነጭ አልብሺውና በደንብ ይድረቅ። የመጋገሪያ ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልለሽ ጫፉን በጣም በትንሹ ቁረጪ። በአንድ በኩል ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀጫጭን መስመር አስምሪ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትጀምሪ፣ ይቀላቀላል። መሃሉ ላይ ትንሽ መስቀል ካከልሽበት በጣም ያምራል። ዙሪያውን ሁሉ አትሙዪው፤ ነጩ ሲበዛ ነው ጥለቱ የሚታየው።

ለእንቁጣጣሽ ቢጫ ቸኮሌት ወረቀት ላይ በትንሽ በትንሹ ጠብ አድርገሽ፣ በጥርስ እንጨት ወደ ውጪ እየሳብሽ የአደይ አበባ ቅጠል አውጪ። ሲደርቅ በጠብታ ቸኮሌት ኳሱ ላይ ለጥፊው። ለምርቃት ጥቁር ኳስ ላይ አራት ማዕዘን ቸኮሌት ቆብ ይሆናል። ስፕሪንክል (የሚነሰነስ ባለ ቀለም የስኳር ማስጌጫ) ከሆነ ግን ሳይደርቅ፣ እንደወጣ ነው የሚነሰነሰው። ለዒድ የምትሠሩ ደግሞ ጄላቲን ያለበት ማስጌጫ ከሆነ ከምን እንደተሠራ አጣሩ።

ጥያቄ፦ የሎሊፖፕ እንጨት አጣሁ። ማቆሚያም የለኝም።

የሽሽ ከባብ እንጨት ሹሉን ቆርጠሽ ተጠቀሚ። ለማቆሚያ የጫማ ካርቶን ብሺ። ለትንንሽ ልጆች ግን እንጨቱን አውጥተሽ፣ ኳሱን ቆራርሰሽ ስጪ።

ጥያቄ፦ ከበዓሉ ስንት ቀን በፊት ልጀምር? መብራት ቢጠፋስ?

ኳሱን ከሁለት ቀን በፊት፣ ልባሱን በዋዜማው። መብራት ከጠፋ ድስት ውሃ በከሰል አፍልተሽ ከእሳቱ አውርጂው። ቸኮሌቱን በጎድጓዳ ሳህን ከላዩ አስቀምጪ፣ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን አይንካ። ክሬሙ ትኩስ የወተት ክሬም ከሆነ ግን ያለ ፍሪጅ አታሳድሪው፤ ያን ቀን በማርማላታ ለውሺው።