ጊታሩ አልተበላሸም፣ ክሩ ነው የላላው

ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል። «ጋሼ፣ የምወደው የሄቪ ሜታል ባንድ አዲስ አልበም አወጣ። የጊታሩ ድምፅ ከድሮው በጣም ወፍሯል፣ ከብዷል። ጓደኛዬ ‹ወደ ሲ፣ ከተለመደው ኢ ወረድ ወዳለው ድምፅ፣ አውርደው ቃኝተውት ነው› አለኝ። እኔም የራሴን ከኢ ወደ ሲ አወረድኩት። ከዚያ ወዲህ ወፍራሞቹ ክሮች ባዶአቸውን ስመታቸውም፣ እስከ አራተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደረው የብረት መስመር) ድረስ ስይዛቸውም ዝዝ ይላሉ። ወደ ሆዱ ስጠጋ ደህና ነው። ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ነቱ (አንገቱ አናት ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ) ስር ወረቀት ከተተበት፣ ፍሬቶቹንም በሞረድ ነካካቸው። ባሰበት። ደግሞ እየተጫወትኩ ማይኩ ከንፈሬን ሲነካኝ ይነዝረኛል። ምን ይሻለኛል?»

አብሽር፣ የጊታሩ ነገር ቀላል ነው። እኔን ያስደነገጠኝ እግረ መንገድህን ጣል ያደረግካት የመጨረሻዋ ነገር ናት። ማይክ እየነዘረህ ከሆነ ዛሬ ማታ አትጫወት። የጊታሩ ክር በብሪጁ፣ ሆዱ ላይ ክሮቹን በያዘው ብረት፣ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። አምፕሊፋየሩ የመሬት ሽቦ ከሌለው ያ ብረት ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ሊቀመጥ ይችላል። እጅህ ክሩ ላይ፣ ከንፈርህ ማይኩ ላይ ሲሆን በመሃል ያለኸው ሽቦ አንተ ነህ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሌስ ሃርቪ የሚባል ስኮትላንዳዊ ጊታሪስት ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ማይክ ነክቶ በዚሁ ጦስ ሞቷል። ስለዚህ መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ስፒና እይ። ሦስተኛው እግር ተቆርጧል? ማከፋፈያው ባለ ሁለት ሽቦ ነው? አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል? አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያ ነው።

ወደ ዝዝታው እንምጣ። ባዶው ክር ብቻ ቢሆን ነቱን እጠረጥር ነበር። ከ12ኛው ፍሬት ወዲያ ቢሆን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አንተ ግን ባዶውም፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ፍሬቶችም ብለሃል። የኔ ግምት አንገቱ ወደ ኋላ ጎብጧል የሚል ነው። ጥፋተኛው ደግሞ አልበሙ፣ ማለቴ አልበሙን ሰምተህ ያወረድከው ቅኝት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ፣ ይቺን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ። የጊታር አንገት የገመድ ጉተታ ሜዳ ነው። በአንድ ወገን ስድስቱ ክሮች ወደ ፊት ይጎትቱታል፣ በሌላው ወገን እንጨቱ ውስጥ የተቀበረው ትራስ ሮድ የሚባል ዘንግ ብረት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ አንገቱ ቀጥ ይላል። አሁን ቁጥሩን እይ። ወፍራሙ ኢ በሴኮንድ 82.4 ጊዜ ይርገበገባል። ሲ ስታደርገው 65.4 ጊዜ ብቻ ነው። ርግብግቡ ወደ 79 በመቶ ወረደ ማለት ነው። ብዙ ሰው «እንግዲህ ጉልበቱም 79 በመቶ ሆነ» ይላል። አልሆነም! የክር ውጥረት የሚቀንሰው በርግብግቡ ካሬ ነው። 0.79ን ራሱን በራሱ አባዛው፣ 0.63 አካባቢ ይመጣል። ከ10 እስከ 46 የሚባለው የተለመደው ክር (ቁጥሩ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት ነው፣ በኢንች ሺኛ)፣ ከነቱ እስከ ብሪጁ 648 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር ላይ፣ በመደበኛው ቅኝት ስድስቱም ተደምረው ወደ 47 ኪሎ ይጎትታሉ። አንተ ሲ ላይ ስታወርዳቸው ወደ 30 ኪሎ ወረዱ። ትራስ ሮዱ ግን ይህን አያውቅም። አሁንም ለ47ቱ ኪሎ ነው የሚጎትተው። ተጋጣሚው ገመዱን ለቀቅ ሲያደርግለት አንገቱን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። በዚያ ላይ የላላ ክር ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል። ቦታ ጠበበው፣ ፍሬቱን እየላሰ ዝዝ አለ።

ክራር ብትሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። እኛ ወሎዬዎች ቅኝት መቀየር ብርቃችን አይደለም። ከባቲ ወደ አምባሰል ስትሻገር ክር ጠበቅ ላላ ታደርጋለህ፣ አለቀ። ክራር ፍሬት የላትም፣ በጉያዋ የደበቀችው ብረትም የላትም።

ላላ ያለ ክር በራሱ ነውር አይደለም። ብላክ ሳባዝ የሚባለው የሄቪ ሜታል ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ውስጥ ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆርጦበታል። ግራኝ ስለሆነ የተቆረጡት ክር የሚጫንባቸው የቀኝ እጁ ጣቶች ናቸው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክር ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ደግሞ በበርካታ ዘፈኖች ላይ ጊታሩን ሦስት ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም የሦስት ፍሬት ያህል፣ አወረደው። ጣቱ እፎይ አለ፣ ድምፁም ከበደ። ዛሬ የምትሰማው ከባድ ድምፅ አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። አንተ ግን ጣትህ ጤነኛ ስለሆነ ወፍራም ክር ግዛ።

ከ12 እስከ 56 ወይም እስከ 60 የሚለውን ፈልግ። ውፍረቱ ሲጨምር የጠፋው ጉልበት ይመለሳል። እባክህ ማሸጊያው ላይ ስም ብቻ ያለውን ርካሽ ክር አትግዛ። ከላይ 12 ይላል፣ ስትለካው ሌላ ነው፣ በሳምንቱ ይዝጋል፣ ቅኝትም አይዝም። ነቱ ስር የገባውን ወረቀት አውጥተህ ጣል። ወረቀት የክሩን ንዝረት ይውጣል፣ በክረምት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። እንዲህ ዓይነቱን «ጥገና» ሳይ ደሜ ይፈላል። አዲሱ ክር በነቱ ቦይ ውስጥ አልገባ ካለህ አሮጌውን ወፍራም ክር በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለህ የቦዩን ጎንና ጎን ብቻ ፈግፍግ። ታቹን አትንካ።

ክሩን ገጥመህ ሲ ላይ ቃኘው፣ አንድ ሌሊት ተወው። በማግስቱ ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬት ላይ በአንድ እጅ፣ አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ላይ በሌላው እጅ ተጫን። ሰባተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ሁለት ቅጠል የፎቶ ኮፒ ወረቀት ክሩን ሳያነሳ መግባት አለበት። ካልገባ አንገቱ አሁንም ወደ ኋላ ነው። በልኩ የሆነ የአለን ቁልፍ ትራስ ሮዱ ውስጥ አስገባና ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሩብ ዙር ብቻ አላላው። ሩብ ነው ያልኩህ። እንደገና ቃኝ፣ እንደገና ለካ። ጠንክሮ እምቢ ካለህ ተወው። የተበጠሰ ትራስ ሮድ ከጊታሩ ዋጋ በላይ ሊያስወጣህ ይችላል።

ከዚያ የብሪጁን ኮርቻዎች፣ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባቸውን ቁራጮች፣ በካቻቢቴ አስተካክል። 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነህ የምታወጣው ድምፅ እዚያው ሳትጫን በጣትህ ነካ አድርገህ ከምታወጣው ከፍ ካለ ኮርቻውን ወደ ኋላ ሳበው፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ግፋው። ደሴ ወጥታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ከኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ጦሳ ሥር ብርድ ስትገቡ እንጨቱም ቅኝቱም ይንቀሳቀሳል። ደርሰህ ወዲያው አትቃኝ፣ ጊታሩ ትንሽ ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ ስትሠራ አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ተነቅሎ ይሁን። ከመጫወትህ በፊት ደግሞ ጊታሩን አምፕሊፋየሩ ላይ፣ ማይኩን ሚክሰሩ ላይ ሰክተህ ሁለቱንም አብራና፣ ክሩንም ማይኩንም በእጅህ ሳትነካ፣ መልቲሜትርህን 220 ቮልት በሚያነብበት ኤሲ ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ አድርግ። እጅህ የብረቱን ጫፍ እንዳይነካ። ዜሮ ወይም ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ ከራቀ አትጫወት። አምፕሊፋየሩንና የማይኩን ሚክሰር ደህና የመሬት ሽቦ ካለው ከአንድ ሶኬት አውጣ። «ትንሽ ነው የሚነዝረው» የሚልህን ጓደኛ አትስማ።

አንገቱ ተስተካክሎ እንኳ አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ዝዝ ካለ ያ ሰውዬ በሞረድ የበላው ፍሬት አጠገቡ ካለው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። በሱፐር ግሉ አይሞላም። ያንን ፍሬት ነቅሎ በአዲስ መተካት ነው፣ እሱ ደግሞ ቤትህ የምትሠራው ሥራ አይደለም። ለዚያ ጊታሩን እኔ ጋ ስታመጣው አዲሱን ክር እንደተቃኘ ተወው፣ አንገቱን በጭነቱ ልየው።