ለፊት ሥዕል የሚሆን ብሩሽ፦ ከጫፉ በፊት ሆዱን ይዩ

ጥያቄውን ያቀረቡልን እህታችን ሐረር ጁገል ውስጥ ለሙሽሮች ሂና ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ካለፈው ዓመት ወዲህ በልጆች ልደትና በትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ላይ የሕፃናትን ፊት በቀለም መሣል ጀምረዋል፤ ለዚህም 12 ብሩሾችን በአንድ ላይ የያዘ ማሸጊያ ገዝተው ከሁሉም የሚሠሩበት እጅግ ቀጭን በሆነው በአንዱ ብቻ ነው። ሐረር ላይ ያለ ችግር የሚወጣላቸው ሥራ ድሬዳዋ ተጠርተው በወረዱ ቁጥር ይበላሽባቸዋል፤ የቢራቢሮው መስመር መሐል ላይ ይቆራረጣል፣ የአበባው ቅጠልም ውስጡ ይዥጎረጎራል። «ብሩሹን ልቀይር ወይስ ቀለሙን?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ብሩሹን ይቀይሩ፤ ነገር ግን ይበልጥ ወደ ቀጠነው ሳይሆን ወፈር ወዳለው ይሂዱ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር ውስጥ ታፔላ እየጻፍኩ ዕድሜዬን የገፋሁ፣ የልጆችን ፊት መሣል ደግሞ ዘግይቼ የጀመርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ስሕተት በራሴ እጅ አይቼዋለሁ። ቀጭን መስመር ቀጭን ብሩሽ የሚፈልግ ይመስለናል። የብሩሽ ጫፍ ግን ቀለሙን ያሳርፋል እንጂ አይሸከምም፤ የሚሸከመው ጠጉሩን አንቆ ከያዘው ቆርቆሮ ቀጥሎ ወፈር ብሎ የሚታየው ክፍል ነው፤ እኔ ሆዱ እለዋለሁ። በጣም ቀጭኑ ብሩሽ ሆድ የለውም፤ የሚይዘው ውኃ ጥቂት ስለሆነ ከቀለሙ ተነሥቶ የልጁ ጉንጭ ላይ እስኪደርስ ድረስ ግማሹ ይተናል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በመንገዱ ከ60 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ርቀት ቢሆንም ቁልቁለቱን ሲጨርሱ የሚቀበልዎት ሙቀት ሌላ ነው። ስለዚህ የሚቆራረጠው መስመር ጉንጩ ላይ የደረቀ ቀለም ሳይሆን ገና ብሩሹ ላይ ሳለ የደረቀ ቀለም ውጤት ነው።

ለመስመር የሚሆንዎት ቁጥር 3 ወይም 4 የሆነ ክብ ብሩሽ ሲሆን ሆዱ የሞላ፣ ጫፉ ግን እንደ መርፌ የሾለ መሆን አለበት። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ከቁጥሩ ይልቅ ዓይንዎን ይመኑ። በሱቅ ውስጥ ደርቆ የሾለ ብሩሽ አያታልልዎት፤ ፋብሪካው ጠጉሩ በመንገድ እንዳይበላሽ በሙጫ ያጠነክረዋልና ሁሉም አዲስ ሲሆን ሹል ነው። ባለ ሱቁን ጥቂት ውኃ ይለምኑ፣ ሙጫው እስኪለቅ በጣትዎ ያሹት፣ ከዚያ እጅዎን አንድ ጊዜ ወደ ታች ሰንዘር አድርገው ጫፉን ይዩ፤ አንድ ሹል ሆኖ ከተሰበሰበ ይግዙት፣ ለሁለት ከተሰነጠቀ ግን ቤት ወስደው አያስተካክሉትም። ጠጉሩ ናይለን ቢሆን ይመረጣል፤ የእንስሳ ጠጉር ውኃ በብዛት መጥጦ ይልፈሰፈሳል፣ ናይለን ግን ሲጫኑት ጎብጦ ሲለቁት ይመለሳል፣ ለማጠብም ይቀልላል። (በነገራችን ላይ «የግመል ጠጉር» ተብለው የሚሸጡ ብሩሾች የግመል ጠጉር የላቸውም፤ ብዙውን ጊዜ የፈረስ፣ የፍየል ወይም የሌላ እንስሳ ነው። ግመል በየዕለቱ ለምናይ ለእኛ ለምሥራቅ ሰዎች ይህ ስም ሁልጊዜ ያስቀኛል።)

ሁለተኛው ነገር እጅዎ ነው። ሂና ሲሠሩ የመስመሩን ውፍረት የሚወስነው ኮኑን፣ ማለትም ሂናው የተሞላበትን ሾጣጣ ከረጢት፣ የሚጨምቁበት ኃይል ሲሆን የኮኑ ጫፍ ቆዳውን እምብዛም አይጫንም። በብሩሽ ግን የሚጨመቅ ነገር የለም፤ ውፍረቱን የሚወስነው ጫፉን ወደ ቆዳው የሚጫኑበት መጠን ነው። ብሩሹን እንደ እስክርቢቶ ካጋደሉት ሆዱ ቆዳ ይነካና መስመሩ ይወፍራል፤ ከጉንጩ ቀጥ አድርገው ካቆሙት ግን ቁጥር 4 ብሩሽ እንኳ ክር የመሰለ መስመር ያወጣል። የትንሿን ጣትዎን ጫፍ በልጁ አገጭ ወይም ጉንጭ ላይ በቀስታ ያሳርፉት፤ ልጁ ሲስቅ እጅዎም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ መስመሩ አይዘልም።

ይህን ለመልመድ የእንባ ዘለላ ቅርፅ ይሥሩ። ብሩሹን በእርጥብ ቀለም ላይ አዙረው አዙረው ይሙሉት፤ አረፋ ከታየ ውኃው በዝቷልና አረፋው እስኪጠፋ ያዙሩ፤ ቀለሙም ከወተት ወፈር፣ ከእርጎ ቀጠን ያለ ይሁን። ከዚያ ጫፉን በቀለሙ ክዳን ላይ አሽከርክረው ያሹሉት። ጉንጩ ላይ ሲያሳርፉት ሆዱ እስኪነካ ይጫኑ፣ ቅፅበት ያህል ይቆዩ፣ ወደ ራስዎ እየሳቡ ቀስ በቀስ ያንሡት። አናቱ ክብ፣ ጭራው ሹል የሆነ ጠብታ በአንድ እንቅስቃሴ ይወጣል። አምስቱን በክብ ቢደረድሩ አበባ፣ ሦስቱን ከዓይን ጥግ ወደ ውጭ ቢያወጡ የላባ ጌጥ ይሆናሉ።

የአበባው ቅጠል የተዥጎረጎረበትም ምክንያት ከዚሁ የሚመጣ ነው። እርስዎ የቅጠሉን ዙሪያ በቀጭኑ ብሩሽ ሥለው ውስጡን በዚያው ይሞላሉ፤ ውስጡን ሲሞሉ የመጀመሪያው መስመር ደርቆ ይጠብቅዎታል፣ እርጥቡ ደረቁን ይፍቀዋል። ቅጠልን የሚሠራው ጠፍጣፋ ሆኖ ጫፉ እንደ ጥፍር የጎበጠው ብሩሽ ነው፤ በማሸጊያዎ ውስጥም አንድ ሳይኖር አይቀርም፣ ብዙ ሰው የተበላሸ መስሎት ይጥለዋል። በአንድ ቀለም ሞልተው አንዱን ጥጉን ብቻ ነጭ ቀለም ያስነኩት፤ ከዚያ ተጭነው ቢያነሡት ጠርዙ ነጣ ያለ ሙሉ ቅጠል በአንድ ማሳረፍ ያገኛሉ።

ለቢራቢሮው ክንፍ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀጥ ያለ ጠፍጣፋ ብሩሽ ይያዙ። ቀለማት ጎን ለጎን በተደረደሩበት ሣጥን ላይ በቀለማቱ አቅጣጫ ወዲያና ወዲህ ይውሰዱት እንጂ አያዙሩት፤ ካዞሩት ቀለማቱ ተደባልቀው ጭቃ ይመስላሉ። ጉንጩ ላይ አንዱን ጥግ እንደ ምሰሶ ተክለው ሌላውን ጥግ እንደ ማራገቢያ ቢያዞሩት ክንፉ ተሠርቶ ያልቃል፤ ለቁጥር 4 ብሩሽ የሚቀርለት ጠርዙንና ቀንዶቹን መሣል ነው። ጫፉ በሰያፍ የተቆረጠው ብሩሽ የነብርን ዥንጉርጉር ለመሥራትና ከቅንድብ በላይ ለመቀባት ይመቻል፤ ያለ እርሱ ግን መሥራት ይቻላል። ሙሉ ፊት ለመቀባት ብሩሽ አይድከም፤ የተጨመቀ ስፖንጅ ይጠቀሙ፣ ለእያንዳንዱ ልጅም የየራሱ ይኑረው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ በውኃ ከሚሟሙት የፊት ቀለሞች ገሚሶቹ ግሊሰሪን፣ ገሚሶቹ ሰም የበዛባቸው ናቸው። ግሊሰሪን ያለው በትንሽ ውኃ ይነሣል፣ ቶሎም አይሰነጣጠቅም፣ ላብ ሲነካው ግን በቀላሉ ይሟሟል፤ ሰም ያለው ብዙ ማሸት ይፈልጋል፣ ከደረቀ በኋላ ግን መስመሩ ጥርት ብሎ ይቀራል። እኔ ድሬዳዋ ላይ ለመደቡ የመጀመሪያውን፣ ለጥቁርና ለነጭ መስመር ሁለተኛውን እይዛለሁ። የሥዕል ወይም የግድግዳ ቀለም ለቆዳ አይሆንም፤ በቲነር የታጠበ የታፔላ ብሩሽም ወደ ልጅ ፊት አይቅረብ።

ሁለት የውኃ ብርጭቆ ይኑርዎት፤ አንዱ ለመለቅለቂያ፣ ሌላው ቀለም ለማራስ። ብሩሽን ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ መተው ጠጉሩን ያጎብጣል፣ የቆርቆሮውን ማጣበቂያ ያላላል፣ እንጨቱንም ያሳብጣል። በአንድ የትምህርት ቤት በዓል ዋዜማ 25 ሚሊ ሜትሩን ብሩሼን እንደዚያ ትቼው አድሬ፣ በማግሥቱ የእጀታው ቅብ እየተቀረፈ የልጅ ጉንጭ ላይ ሲረግፍ እናቲቱ ፊት ማፈሬን አልረሳውም። ብሩሽን በምራቅ ማሾልም የታፔላ ጸሐፊዎች ክፉ ልማድ ነው፤ ሕፃናት ላይ አይሞክሩት። ዓይኑ የቀላ ወይም ፊቱ ላይ ቁስል ያለበት ልጅ ከመጣ ፊቱን ትተው እጁ ላይ ይሣሉለት፤ ቁስሉ እጁ ላይም ካለ ግን ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ሥራው ሲያልቅ በለስላሳ ሳሙና አጥበው ጠጉሩን በጣትዎ አሹለው አጋድመው ያድርቁት። የድሬዳዋ ውኃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ያዩ እንደሆነ፣ ያው ቅርፊት ከቆርቆሮው ሥር ተጋግሮ ጠጉሩን እንደሚከፍተው ይረዱታል፤ ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ጥቂት አቸቶ በጨመሩበት ውኃ ውስጥ ጠጉሩን ብቻ ነክረው በሚገባ ያለቅልቁት።

በሚቀጥለው ጊዜ ድሬዳዋ ሲወርዱ ከልጆቹ አስቀድመው በራስዎ ክንድ ላይ ይሞክሩት። አንድ ጊዜ በተሞላ ብሩሽ ከእጅዎ አንጓ እስከ ክርንዎ አንድ መስመር ይሳቡ። ክርንዎ ሳይደርስ ከተቋረጠ መጀመሪያ ውኃ ጨምረው ይድገሙት፤ አሁንም ከተቋረጠ ሆዱ ያነሰ ነውና አንድ ቁጥር ወፈር ያለውን ያንሡ።