ቀጠሮ ደብተሬ ባዶ ሆኗል፣ ቀጣዩ ፓርቲ ከየት ይምጣ?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በቤት ፓርቲ እቃ ከሚሸጡ አንባቢዎች ናቸው። ያው ስራው እንደሚታወቀው አንዷ ቤቷ ወዳጆቿን ትጠራለች፣ ሻጯ መጥታ እቃውን እያሳየች ኦርደር ትቀበላለች፣ ጋባዧ ደግሞ በተሸጠው ልክ ስጦታ ወይ ቅናሽ ታገኛለች። ረዘም ያለውን ደብዳቤ አስቀድሜዋለሁ።

ጥያቄ፦ የኩሽና እቃ በካታሎግና በቤት ፓርቲ እሸጣለሁ። ስጀምር በጣም አሪፍ ነበር፣ መጀመሪያ እህቴ ፓርቲ አዘጋጀችልኝ፣ ከዛ አክስቴ፣ ከዛ ሁለት የስራ ጓደኞቼ፣ ከዛ ጎረቤቴ፣ አሁን ግን ደብተሬ ላይ አንድም የተያዘ ቀን የለም። ስደውል የማያነሱልኝ አሉ። የገዛ እህቴ "ደሞ ዛሬ ምን ልትሸጪልኝ ነው?" አለችኝ፣ እየሳቀች ነው ያለችው ግን ገብቶኛል። ፌስቡክ ላይ "ፓርቲ ማዘጋጀት የምትፈልጉ በውስጥ አናግሩኝ" ብዬ እለጥፋለሁ፣ ላይክ ብቻ ነው። ልተወው ወይስ አዲስ ሰው የሚገኝበት መንገድ አለ? ግራ የገባኝ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ለመተው ከመወሰንሽ በፊት እስካሁን ያደረግሻቸውን ፓርቲዎች አንድ በአንድ አስቢያቸውና ከነሱ ውስጥ ስንቱ አንቺ ከዛ በፊት በማታውቂያት ሴት ቤት እንደተደረገ ንገሪኝ። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ አንድም የለም። እህት፣ አክስት፣ ባልደረባ፣ ጎረቤት፣ ሁሉም ያንቺ ሰው ነው፣ ያንቺ ሰው ደግሞ የቱንም ያህል ቢወድሽ ያልቃል። አክስትሽ ቤት የመጡት የአክስትሽ ጓደኞች ግን ያንቺ ሰው አልነበሩም። እቃውን በአይናቸው አይተዋል፣ ነክተውታል፣ ስቀው ተጫውተዋል፣ ኦርደር ሰጥተው ሄደዋል፣ አንዷንም ግን "ያንቺ ቤት መቼ እንምጣ?" ያልሻት አይመስለኝም። ቀጠሮሽ እዛ ጋ ነው የቀረው።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፣ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። የታፐርዌር ፕላስቲክ እቃዎች መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ሱቅ ውስጥ ነበር የሚሸጡት፣ ግን ሰው ክዳኑ እንዴት እንደሚከደን እንኳ ስለማያውቅ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ብራውኒ ዋይዝ የምትባል ሴት ግን ሰው ቤት እየሄደች እያሳየች እንደጉድ ስትሸጥ ኩባንያው አየና እ.ኤ.አ. በ1951 ወስዶ የፓርቲ ሽያጩን ሰጣት፣ ሱቁንም ጭራሽ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቢዝነስ ዊክ መጽሄት ሽፋኑ ላይ ያወጣት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት (ከአራት አመት በኋላ ማባረራቸው ሌላ ጉድ ነው)። ፓርቲውን ራሱን ግን እሷ አልፈጠረችውም፣ ስታንሊ ሆም ፕሮዳክትስ የሚባል ድርጅት ከሷ በፊት ይሰራበት ነበር፣ እሷም እዛ ሻጭ ነበረች፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1963 የራሷን የመዋቢያ ኩባንያ ያቋቋመችው ሜሪ ኬይ አሽም እንደዚሁ ከስታንሊ የወጣች ናት። ታዲያ የፌስቡክ ፖስትሽን ያየው ሰው ያ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን እቃ እንዳየ ሰው ነው፣ ምንም አልታየውም። ፓርቲ ላይ ተቀምጣ ያየችው ሴት ግን እሺ ለማለት ግማሽ መንገድ መጥታልሻለች።

እና ፓርቲ ላይ እንዴት ይጠየቃል? ለሁሉም በአንዴ "ፓርቲ ማዘጋጀት የሚፈልግ አለ?" አይባልም፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ካታሎግ ይገልጣል፣ አንዷ ፈልጋ እንኳ ቢሆን ቀድማ እጅ አታወጣም። መጀመሪያ ላይ እቃ ማሳየት ሳትጀምሪ ጋባዧ ዛሬ ምን እንደምታገኝ ለሁሉም አሳዪ፣ ስጦታው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ሰው ያየውን ነው የሚመኘው። መሀል ላይ አንዴ ጣል አድርጊ፣ አታስረዝሚው። ዋናው ግን መጨረሻ ላይ ነው፣ ኦርደር ስትቀበይ ከያንዳንዷ ጋር ለብቻ የምትቀመጪበት ሁለት ሶስት ደቂቃ አለ አይደል፣ እሱ ሰአት ወርቅ ነው። እስከዛ ድረስ ማን ምን እንዳነሳች ማን ምን አገላብጣ እንዳስቀመጠች አይንሽ ማየት አለበት። "ያንን ትልቁን ስብስብ አንስተሽ ስታስቀምጪው አየሁ፣ ጓደኞችሽን ቤትሽ ብትጠሪ እኮ በጋባዥ ቅናሽ ታገኚዋለሽ" ስትያት ስለሷ ነው የምታወሪው። የምትስቀዋንና ሰው የምታስቀውን ሴት በተለይ እንዳታልፊያት፣ ምንም ባትገዛም ቤቷ ሰው አይጠፋም። ብዙ ሻጮች ብዙ የገዛችውን ብቻ ያሳድዳሉ፣ እኔ ግን ሁለቱን ካቀረብሽልኝ ተጫዋቿን ነው የምመርጠው።

እሺ ካለች ቀኑን እዛው ያዢ። "አንድ ቀን አዘጋጃለሁ" ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ እሱን ደብተርሽ ላይ እንዳትጽፊው። "መቼ ይመችሻል?" ብለሽ ከለቀቅሻትም "እነግርሻለሁ" ብላ ትሄዳለች፣ ስለዚህ ካላንደርሽን አውጥተሽ ሁለት ቀን አሳያት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሀሙስ ማታ አለኝ ወይ ደግሞ የዛን ሳምንት ቅዳሜ ከሰአት፣ የቱ ይሻልሻል? ቀኑ ከሁለት ሶስት ሳምንት ባይርቅ ጥሩ ነው፣ በራቀ ቁጥር ሙቀቱ ይበርዳል፣ የሆነ ነገር መሀል ይገባል፣ ይሰረዛል። ከያንዳንዱ ፓርቲ ደግሞ ሁለት ቀን ይዞ መውጣት ልመጂ፣ አንድ ብቻ ይዘሽ ከወጣሽና እሱ ከተሰረዘ ሰንሰለቱ እዛው ተበጠሰ። በወር አራት ፓርቲ ከፈለግሽና ከሶስት ቀጠሮ አንዱ ይወድቃል ብለሽ ካሰብሽ ስድስት መያዝ አለብሽ ማለት ነው፣ በዚህ ሂሳብ ሁለት መያዝ ስግብግብነት አይደለም።

አሁን ደሞ ፓርቲ በሌለበት ከዜሮ እንዴት ይነሳል ትይኝ ይሆናል። ዜሮ ላይ አይደለሽም፣ የድሮ የኦርደር ወረቀቶችሽ አሉ። አውጪያቸው። ያንቺን ዘመዶች ለይተሽ ወደጎን አድርጊ፣ የቀሩትን ደውይላቸው፣ ሜሴጅ አይደለም ስልክ። ስትደውይ ስለ ፓርቲ አትጀምሪ፣ ስለገዛችው እቃ ጠይቂ፣ ያ መክተፊያ እንዴት ሆነልሽ፣ ክዳኑ በደንብ ይገጥማል ወይ፣ ችግር ካለው ፍቺላት፣ ቅያሪ ካስፈለገ ቀይሪላት። ይሄ ዘዴ እንዳይመስልሽ፣ ከሸጠች በኋላ ደውላ የምትጠይቅ ሻጭ ጥቂት ስለሆነች ሰው ይገረማል። ደህና ነው ካለችሽ ያኔ "አዲሱ ካታሎግ ወጥቷል፣ ሁለት ቀን ክፍት አለኝ፣ ጓደኞችሽን ጠርተሽ ብናየውስ?" በይ። አልችልም ካለች አትጫኛት፣ ከምታውቂያቸው ደስ የሚላት ሰው አለች ወይ ብለሽ ጠይቂና አመስግነሽ ዝጊ። ወረቀቶቹ ላይ ደግሞ ፓርቲው ላይ ያልነበሩ ግን በሰው በኩል ያዘዙ ሰዎች አሉ፣ እነሱን ሰው ይረሳቸዋል፣ ሳያዩ የገዙ ስለሆኑ ቢያዩ ደግሞ ምን ሊሆኑ ነው።

ከዛ ውጪ ባዛር ላይ ጠረጴዛ መያዝ፣ የስራ ቦታ በምሳ ሰአት ማሳየት፣ ገንዘብ ለሚያሰባስብ የወላጆች ኮሚቴ ከኮሚሽንሽ እያካፈልሽ መሸጥ፣ እነዚህ ሁሉ አዲስ ሰው ያመጣሉ። ባዛር ላይ እጣ ካወጣሽ ወረቀቱ ላይ ከስምና ስልክ በታች "ቤቴ ፓርቲ ቢዘጋጅ ደስ ይለኛል" የሚል ምልክት የሚደረግበት ሳጥን አድርጊ፣ አለበለዚያ ለእጣው ብቻ የሞላውን ሁሉ ስትደውይ ትውያለሽ። ምልክት ላደረጉት በሁለት ቀን ውስጥ ደውይ። ለኮሚቴው ስንት እንደምትሰጪ ደግሞ አስቀድመሽ በጽሁፍ ተስማሚ፣ በገንዘብ ጉዳይ ከተቀያየምሽ ያ ሰፈር በሙሉ ተዘጋብሽ ማለት ነው።

እህትሽን ተያት። ሌላ ሰው ቤት በእንግድነት ከመጣች መጣች።

ጥያቄ፦ እኔ ቀን መያዝ አይቸግረኝም፣ ችግሬ መሰረዝ ነው። ባለፈው ተከታትለው ሶስት ሰረዙብኝ፣ አንዷማ እቃ ጭኜ መንገድ ላይ እያለሁ ነው የደወለችው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምትሰርዘው ጋባዥ አብዛኛውን ጊዜ የፈራች ጋባዥ ናት። ሰው ባይመጣልኝስ ብላ ትፈራለች፣ ቤቱን ማጽዳት መስተንግዶ ማዘጋጀት ይከብዳታል፣ ጓደኞቼ ለመግዛት የተጠሩ ይመስላቸዋል ብላ ትሳቀቃለች። አንቺ ደሞ ቀኑን ይዘሽ ከጠፋሽ ፍርሀቱ ብቻውን ያድጋል። ቀን በያዘች በማግስቱ ደውይላትና የሚጠሩትን ስም አብራችሁ ጻፉ፣ አስር ሰው እንዲመጣ ከተፈለገ ሰላሳ ስም ቢጻፍ አይበዛም፣ ግማሹ አይችልም፣ እሺ ካሉትም የሚቀሩ አሉ። በጅምላ ግሩፕ ላይ መጥሪያ መለጠፍ ብቻውን አይሰራም፣ እሷ ራሷ አንድ በአንድ ትደውል፣ ከፓርቲው በፊት ባለው ቀን ደግሞ አጭር ማስታወሻ ትላክላቸው። መስተንግዶውን ቀለል አድርጊላት፣ ደግሳ የጠራች ጋባዥ ድካሟን ያዩ እንግዶች "እኔማ አልችለውም" ይላሉ፣ ቀጣይ ቀጠሮሽን የሚገድለው አንዳንዴ የጋባዧ ድግስ ነው።

ልሰርዝ ብላ ስትደውል አትቆጪ፣ ስልኩን ሳትዘጉ ግን ሌላ ቀን ያዙ። እሱም ካልሆነ "እሺ እንግዲያው ካታሎጉን ላምጣልሽና ከጓደኞችሽ ኦርደር ሰብስቢ፣ ስጦታሽ እንዳይቀርብሽ" በያት። ለዛች መንገድ ላይ እያለሽ ደውላ ለሰረዘችብሽ ግን ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ቀን አትስጫት፣ የተያዘ ቀን ለሌላ ሰው የተዘጋ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ የጽዳት እቃ ነው የምሸጠው። ሴቶች ቤታቸው እንድመጣ ሲጠየቁ የሚያመነቱ ይመስለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማመንታታቸው ትክክል ነው፣ የማይታወቅ ወንድ ቤት ማስገባት ለማንም ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ አትከፋ። ፓርቲውን ለባልና ሚስት አድርገው፣ ማታ ላይ ወይ የእረፍት ቀን፣ ጥሪውም ለሁለቱም ይሁን፣ የጽዳት እቃ ደሞ እድፍ ሲለቅ እያሳየህ የምትሸጠው ስለሆነ ወንዶቹም ቁጭ ብለው ያያሉ። አዲስ ሰው ጋ ስትደውል ካለፈው ጋባዥ ጋር አስቀድመህ ተነጋገርና እሷ ቀድማ ትንገራት። የስራ ቦታም ላንተ ከቤት ይቀላል።

ጥያቄ፦ ወደ ስራው ያስገባችኝ ሴት "ፓርቲ ዘመኑ አልፎበታል፣ ቀን ከምትፈልጊ ሰው መልምይ፣ ደረጃሽም እንዲያድግ እቃ በብዛት ግዢና ቤትሽ አስቀምጪ" ትለኛለች። ልስማት?

መልስ፦ አትስሚያት። ፓርቲው ዘመኑ አልፎበታል በሚለው ላይ ልከራከራት አልፈልግም፣ ታፐርዌር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 በኪሳራ ህግ ጥበቃ ለመጠየቅ ደርሷል፣ ብዙ ሰውም አሁን በቴሌግራም ግሩፕና በላይቭ ነው የሚሸጠው፣ ኦንላይን ፓርቲም ቢሆን ግን ጋባዥ አለው፣ ቀንም ይያዝለታል፣ ስራው ያው ነው። የሷ ምክር ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ገቢው እቃ ለሚጠቀም ደንበኛ ከመሸጥ ሳይሆን ሰው ከማስገባት የሚመጣ ከሆነ ፒራሚድ ይባላል፣ በብዙ አገር የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አምዌይ የሚባለው፣ እቃውን ሻጭ ሻጭን እያስገባ የሚሸጥ ኩባንያ፣ ፒራሚድ አይደለም ብሎ ሲወስን ካያቸው ነገሮች ውስጥ ሻጩ ከገዛው እቃ ቢያንስ 70 ፐርሰንቱን በወሩ መሸጥ አለበት የሚለው፣ በወር ለአስር ደንበኛ መሸጡን ማሳየት አለበት የሚለውና ያልተሸጠ እቃ ይመለሳል የሚለው የኩባንያው ደንቦች ይገኙበታል። ያንቺዋ የምትልሽ የዚህን ተቃራኒ ነው። ለማሳያ የሚበቃሽን አንድ ሙሉ ሳምፕል ያዢ፣ ሌላውን ኦርደር ሲመጣ ብቻ እዘዢ፣ ከዛ በላይ ግዢ ካለችሽ ደግሞ ያልተሸጠው በስንት ቀን ውስጥ፣ ስንት ፐርሰንት ተቆርጦ እንደሚመለስ የሚለውን የኩባንያውን ደንብ በጽሁፍ እንድትልክልሽ ጠይቂያት።