ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በረጅም የአውቶቡስ መንገድ ውሃ ባልጠጣስ?

ጥያቄ፦ የ25 ዓመት ሴት ነኝ። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁት እስራኤል ነው። በጥር ከጓደኛዬ ጋር ከፓራጓይ አሱንሲዮን ተነስተን በአውቶቡስ ቻኮ የተባለውን ሞቃታማ ሜዳ አቋርጠን ወደ ቦሊቪያዋ ሳንታ ክሩዝ፣ ከዚያም ወደ ላ ፓዝ እንሄዳለን። የመጀመሪያው መንገድ ብቻ ከ20 ሰዓት በላይ ነው ይላሉ። ሽንት ቤት እንዳልቸገር ውሃ ሳልጠጣ ብሄድ ይጎዳኛል? የወሊድ መከላከያ ክኒን እወስዳለሁ፤ ብዙ ስቀመጥም እግሬ ያብጣል።

መልስ፦ አዎ፣ ይጎዳዎታል። በጥር የቻኮ ሙቀት 40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ሻንጣ ተሸክመው መናኸሪያው ውስጥ ሲጠብቁ ገና ሳይሳፈሩ ብዙ ላብ ያጣሉ። ከዚያ አየር ማቀዝቀዣው የሚያንዘፈዝፍ አውቶቡስ ውስጥ ሲገቡ ጥማቱ ይጠፋል እንጂ የጎደለው ውሃ አልተተካም። ሲወርዱ ራስ ምታትና ማዞር የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያድርጉ፦ ከመሳፈርዎ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ግማሽ ሊትር ይጠጡ፤ ሊሳፈሩ ሲሉ ሽንት ቤት ይግቡ። መንገድ ላይ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ። በአንድ ጊዜ አንድ ጠርሙስ የጨረሰ ሰው ነው ሽንቱ የሚያጣድፈው። የአውቶቡሱ ሽንት ቤት ብዙ ጊዜ ለሽንት ብቻ ነው፤ ሶፍትና የእጅ ማጽጃ ከኪስዎ አይለዩ። ሽንትዎ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥተዋል፤ ከጠቆረ ግን ይጨምሩ።

በሙቀት ውስጥ ብዙ ሲራመዱ ወይም ተቅማጥ ከያዘዎት ባዶ ውሃ ብቻውን አይበቃም። ፋርማሲ ገብተው «ሱዌሮ ኦራል» ቢሉ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የስኳርና የጨው ዱቄት) ይሰጥዎታል። ካጡ በ1 ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልሙጥ ተደርጎ፣ ይበጥብጡና በ24 ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት። ጨው ማብዛት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ፓራጓዮች በበረዶ የሚጠጡትን ቴሬሬ የተባለ የቅጠል መጠጥ ያቀርቡልዎታል፤ መጠጡ ደግ ነው፣ ነገር ግን መምጠጫው ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፤ በረዶውም ከምን ውሃ እንደተሠራ አይታወቅም።

የእኔ ዋና ስጋት ግን እግርዎ ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በባት ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን ይህን ስጋት ይጨምረዋል። ብዙ ተጓዥ ሌባ ፈርቶ ቦርሳውን እግሩ ሥር ይወሽቃል፤ ያኔ ጉልበት ታጥፎ ይቀራል፣ እግርም መፈናፈኛ ያጣል። ፓስፖርትና ገንዘብ ወገብዎ ላይ ይታጠቁ፤ ቦርሳውን ጭንዎ ላይ ያድርጉ። የመተላለፊያ ዳር ወንበር ይምረጡ፣ ቁርጭምጭሚትዎን በየግማሽ ሰዓቱ ያንቀሳቅሱ፣ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ይውረዱ። የእንቅልፍ ክኒን አይውሰዱ። እስከ ጉልበት የሚደርስ መጭመቂያ ካልሲ ስለመጠቀምና ስለ ክኒንዎ ዓይነት ከመነሳትዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ በተለይ በቤተሰብ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ካለ። ሁለቱም እግር እኩል ቢያብጥ ብዙ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ይቀንሳል። አንዱ ብቻ አብጦ ቢያምና ቢሞቅ፣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርና ደረት ቢወጋ፣ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። የወሊድ መከላከያ ክኒኑን በዋጡ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎት ደግሞ ሌላ ይዋጡ።

በዚህ ወቅት ትኩሳት ቢይዘዎት ዴንጊ የተባለውን በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ይጠርጥሩ። ትንኟ በቀን ትነድፋለች። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ይውሰዱ፤ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም ሊያፈስ ስለሚችል አይንኩ። ትኩሳቱ ሲበርድ ዳንኩ ብለው አይዘናጉ፤ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ማስመለስ ወይም የድድ መድማት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። ሳንታ ክሩዝ የቢጫ ወባ ስጋት ያለበት አካባቢ ስለሆነ ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ይውሰዱ።

ጎንደር መወለድዎ ላ ፓዝ ላይ አያድንዎትም። ለዓመታት ቆላ የኖረ ሰው ሰውነቱ ከፍታውን እንደገና መልመድ አለበት፤ ከተማዋ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሳንታ ክሩዝ በአንድ ሌሊት ከመውጣት ይልቅ 2,550 ሜትር አካባቢ ባለችው ኮቻባምባ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ይደሩ። ሐኪምዎ አሴታዞላማይድ የተባለውን የከፍታ ሕመም መከላከያ መድኃኒት ካዘዙልዎት ሽንት ያበዛል፤ ያኔም ውሃ እንዳይቀንሱ። ላ ፓዝ ደርሰው ሲራመዱ ቢንገዳገዱ ወይም ተቀምጠው ትንፋሽ ቢያጥርዎት ለነገ ሳይሉ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይውረዱ።