ስልኩ ከኢንተርኔቱ ይነጣጠላል፤ የድሮውን መስመር ግን ቀድመሽ እንዳታዘጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ታሪክ ነው ትዝ ያለኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ሱቅሽን ወደ ሰፋ ያለ ቤት ልታዛውሪ ነው። ኢንተርኔትና ስልክ በአንድ ጥቅል የሚሰጥሽ ድርጅት «ስልኩ ከመስመሩ ጋር ነው፣ አይነጣጠልም» ብሎሻል። ኢንተርኔቱን ከአንዱ፣ ስልኩን ከሌላው መውሰድ ይቻላል ወይ ነው ያልሽው። ይቻላል። እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የአየር ትኬት ቢሮ አለኝ፤ ያንኑ አድርጌዋለሁ። ግን 19 ቀን ያለ ስልክ ከርሜ ነው። አንቺም ላይ እንዳይደርስ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

«አይነጣጠልም» ያለሽ ሰው የሚያወራው ስለ ድሮው ስልክ ነው። ያኔ ቁጥሩ የሚታወቀው በሽቦው ነበር። ከቤትሽ እስከ ስልክ ማዕከሉ በተዘረጋው ጥንድ መዳብ ላይ ታስሮ ነበር የሚኖረው። አሁን ድምፅሽ እንደማንኛውም ዳታ ተቆራርጦ ነው የሚሄደው። ማጓጓዣው፣ ማለት መስመሩ ሌላ፣ አገልግሎቱ ሌላ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ዋይ 2001 በሚባለው ሰነድ አዲሱን ትውልድ ኔትወርክ ሲተረጉም አንዱ መለያው ይኸው ነው፤ አገልግሎቱ ከሥሩ ካለው ማጓጓዣ ነጻ ነው። እናትሽ ጋ በዋትስአፕ ስትደውይ እሳቸው ኢትዮ ቴሌኮም ይጠቀሙ ሳፋሪኮም ጥሪው ያው ነው አይደል? የሱቅሽ ስልክም እንደዚያው ነው። ስትነጣጥዪው ግን እነዚህን ተጠንቀቂ።

1. ቁጥርሽ ተዛውሮ አዲሱ ስልክ ላይ እስኪጮህ ድረስ የድሮውን አገልግሎት አታዘጊ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ሰኔ ላይ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሰው ሁሉ ልጆቹን ይዞ አገር ቤት የሚሄድበት ሰሞን። አዲሱን ድርጅት ተዋዋልኩና አርብ ከሰዓት ወደ ድሮው ደወልኩ፣ ልለቅ ነው ብዬ። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ «ሁሉንም ልዝጋው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። ቁጥሩ በራሱ ጊዜ የሚከተለኝ መስሎኝ ነበር። ሰኞ አዲሱ ድርጅት ቁጥሩን ሲጠይቅ «በሥራ ላይ የለም» ተብሎ ተመለሰ። የተዘጋ ቁጥር ፖርት አይደረግም፣ ማለትም ወደ ሌላ ድርጅት አይዛወርም።

ያ ቁጥር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለእንቁጣጣሽ በማድለው ካላንደር ላይ የታተመ ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ ቤት ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ፍሪጁ አጠገብ ካላንደሬ ተሰቅሏል፤ ቁጥሬ ከመስቀል ደመራው ፎቶ ሥር በቀይ ተጽፏል። እዚያው ቆሜ ደወልኩት። ቁጥሩ አገልግሎት አይሰጥም የሚል የተቀዳ ድምፅ መለሰልኝ። የቤቱ እመቤት «ዘግተህ የሄድክ መስሎን እኮ ትኬቱን ከሌላ ገዛን» አሉኝ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ወደ ድሮው ድርጅት አራት ጊዜ ደውያለሁ። በአራተኛው አለቃ የተባለው ሰው «አሁን ደንበኛችን ስላልሆንክ ስለዚህ ቁጥር ላናግርህ አልችልም» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ዘጠኝ ዓመት በየወሩ ከፍዬ! በመጨረሻ ለአሜሪካው ፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ ለሚባለው፣ በድረ ገጹ አቤቱታ አስገባሁ። በነጻ ነው። ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከዚያ በኋላ ቁጥሬን መልሰው ከፈቱት።

ሕጉንም እወቂው። ዕዳ አለብሽ፣ ውልሽ አላለቀም ብለው ቁጥርሽን መያዝ አይችሉም። ዕዳው ዕዳ ነው፣ ይጠይቁሻል፤ ቁጥሩን ግን መልቀቅ አለባቸው። አንድ መስመር ብቻ ከሆነና ነገሩ ካልተወሳሰበ ዝውውሩ በአንድ የሥራ ቀን ማለቅ አለበት።

2. ቢልሽ ላይ ያለውን ስም፣ አድራሻና የአካውንት ቁጥር ፊደል በፊደል ገልብጠሽ ለአዲሱ ድርጅት ስጪ። እኔ ቁጥሩ ከተከፈተ በኋላ እንኳ የቢሮዬን የክፍል ቁጥር ስላልጻፍኩ የዝውውር ጥያቄው አንዴ ተመልሶብኛል። ሌላ ሦስት ቀን።

3. ራውተሩን፣ ኢንተርኔቱን ለስልኩና ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ አስፈትሺ። ስልኩ ጮኸ ብለን በተደሰትን ማግስት ሌላ ጉድ መጣ። ደንበኛ ደውሎ የፓስፖርት ስሙን ፊደል እየቆጠረልኝ፣ መሀል ላይ ጸጥ። መልሶ ይደውላል፣ እንደገና ጸጥ። በሰዓት ስይዘው ሁሌም 32ኛው ሰከንድ ላይ ነው። የስልኩ ድርጅት «የኢንተርኔትህ ችግር ነው» አለ። የኢንተርኔቱ ድርጅት «መስመራችን ንጹሕ ነው፣ የስልክህን ሰዎች ጠይቅ» አለ። ሁለቱን መነጣጠል ገንዘብ ይቆጥባል፤ ሲበላሽ ግን መሀል ላይ የምትቀሪው አንቺ ነሽ።

ያዳነኝ ኔትወርክ ላይ የሚሠራው የባለቤቴ የእህት ልጅ ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ሲፕ ኤኤልጂ የምትባል፣ ራውተሩ የስልክ መልእክቶችን እንዲነካካ የምታደርግ አንዲት ማስተካከያ አጠፋ፣ በቃ። ስልኩን ስታነሺ ከወዲያ «ደርሶኛል» የሚል መልእክት መመለስ አለበት አለኝ። ራውተሩ ልርዳ ብሎ በመልእክቱ ውስጥ ያለውን አድራሻ ሲነካካው መልሱ ይጠፋል። ስልኩ 32 ሰከንድ ይጠብቅና ጥሪውን ይዘጋዋል። እና በ32 ሰከንድ የሚቋረጥ ስልክ ካየሽ ማንም ጋ አትደውይ፣ ያቺን ማስተካከያ አጥፊ።

ስለ ፍጥነት አትጨነቂ። አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት በታች ነው የሚወስደው። ድምፅ የሚቆራርጠው የሱቅ ካሜራ ቪዲዮ ወደ ክላውድ ሲጭን ነው። ራውተሩ ላይ ለስልኩ ቅድሚያ አሰጪ።

ከሁሉም በላይ ግን 911፣ የአደጋ ጊዜ ጥሪው። አገልግሎቱ ከመስመሩ ሲለይ ኔትወርኩ የት እንዳለሽ አያውቅም። ስልኩን ነቅለሽ ሌላ ከተማ ብትሰኪው ይሠራል። 911 ሲደወል ለአምቡላንሱ የሚነገረው አንቺ ያስመዘገብሽው አድራሻ ነው። እኔ ቢሮ ከቀየርኩ ከአራት ወር በኋላ ሳጣራ አሮጌው አድራሻ ነበር ያለው። አባቴ አብረውኝ ቢሮ ይውሉ ነበር፣ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ሳስበው አሁንም ላብ ያጠምቀኛል። ብዙዎቹ ድርጅቶች ላይ 933 ስትደውይ የተመዘገበውን አድራሻ ያነብልሻል። በገባሽበት ቀን ደውለሽ ስሚው። የድሮው የመዳብ ስልክ ኃይሉን ከስልክ ማዕከሉ ነበር የሚያገኘው፤ ይሄኛው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለሞደሙ፣ ለራውተሩና ለስልኩ ዩፒኤስ የሚባለውን፣ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ግዢ።

ሰውየው አሁንም «አይነጣጠልም» ካለሽ በጽሑፍ ስጠኝ በይው። ለእኔ አንዳቸውም አልጻፉልኝም። ውልሽ የሚያልቅበትንና ቤት የምትገቢበትን ቀን እዚህ ጻፊልኝ፣ የትኛው እንደሚቀድም አብረን እናየዋለን።