ከአያት የተረፈ ክላርኔት ስንት ያወጣል?

ጥያቄ፦ አያቴ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ይነፉት የነበረ ጥቁር ክላርኔት ደብረ ብርሃን ቤታችን ተቀምጧል። 13 ቁልፎች አሉት። የላይኛው አካል ላይ የደበዘዘ ማኅተም፣ ከሥሩም በላቲን ፊደል «ኤች ፒ» ይላል። አንድ ነጋዴ «መቶ ዓመት ያለፈው ነው፣ ልግዛዎት» ብሎኛል። ቅቤ ቀብቼ ባሳምረው ዋጋው ይጨምር ይሆን?

መልስ፦ ቅቤውን ይተዉት። ቅቤም ሆነ የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ይሻግታል፤ ቁልፎቹ ሥር ገብቶ ከአቧራ ጋር ይጣበቃል፣ ቀዳዳ የሚደፍኑትን ፓዶችም ያበላሻል። የብርጭቆ ወረቀትማ ጭራሽ አያስጠጉት፤ ማኅተሙ ከጠፋ የሠሪውን ስም መልሶ የሚያመጣ የለም። ማኅተሙን ለማንበብ ነጭ ጠመኔ ፈጭተው በጣትዎ ቀባ ያድርጉበት፣ ትርፉን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ከጎን ያብሩበት። ዱቄቱ የቀረበት ፊደል ነጥቶ ይታያል።

ነጋዴው ስለ ዕድሜው ልክ ሊሆን ይችላል። ዋጋውን የሚወስነው ግን «ኤች ፒ» ነው። ከፍተኛ ቅኝት ማለት ነው፤ «ላ» ድምፁ በሰከንድ 452 ንዝረት ገደማ ሲሆን የዛሬው 440 ነው። የእንግሊዝ ጦር ባንዶች እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ይጠቀሙበት ነበር። ከዛሬ ኪቦርድ ጋር አብሮ አይሄድም። መጋጠሚያውን ሳብ አድርጎ ማስረዘምም መፍትሔ አይሆንም፤ የቀዳዳዎቹ ርቀት ለከፍተኛው ቅኝት የተሠራ ስለሆነ አንዱ ድምፅ ሲስተካከል ሌላው ይዛባል። በሜትር ያረጋግጡ፦ የዛሬው የሲ ቤሞል (ቢ ፍላት) ክላርኔት ያለ አፍ መንፊያው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የእርስዎ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ማጠር አለበት።

13 ቁልፍ መሆኑ ብቻውን የዕድሜ ማስረጃ አይደለም። 17 ቁልፍና 6 ቀለበት ያለው፣ የቦም ሥርዓት የሚባለው የቁልፍ አደራደር በ1839 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ ቢታይም፣ እንደ እርስዎ ያለው ባለ 13 ቁልፍ ቀለል ያለ ሥርዓት እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተሠርቷል።

እንጨት መሆኑንስ አረጋግጠዋል? ጥቁር ኤቦናይት የሚባል ጠጣር ጎማ እንጨት ይመስላል። አካሎቹን ነቅለው የመጋጠሚያውን ጫፍ ይዩ፤ እንጨት ከሆነ የቃጫው መስመር ይታያል። ኤቦናይት በመዳፍ አጥብቀው ሲያሹት ድኝ ድኝ ይሸታል፣ ፀሐይ ያገኘው ገጹም ወደ አረንጓዴ ቡኒ ይለወጣል።

ስንጥቅ የሚፈለገው የላይኛው አካል ላይ ነው፤ ከአናቱ ጀምሮ ወደ ቀዳዳዎቹ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይወርዳል። ምክንያቱ ትንፋሽ ነው፦ ውስጡ በሙቀትና በእርጥበት ሲያብጥ ውጪው በደብረ ብርሃን ብርድ እንደደረቀ ይቀራል፣ እንጨቱም ይለያያል። ስለዚህ «ይሠራ እንደሆን» ብለው ለረጅም ጊዜ አይንፉት። ጣርማበርን አውርዶ በአንድ ቀን ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ማቆየትም ጉዳት አለው።

በላይኛውና በታችኛው አካል ላይ ቁጥር ካለ ያስተያዩ። ካልተመሳሰለ ከሁለት ክላርኔት የተገጣጠመ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ይወርዳል።

ለነፊ ሰው ይህ ክላርኔት ብዙ አያወጣም፤ ከ13 የማያንሱ ፓዶች፣ ቡሾችና የላሉ ሞላዎች ከተቀየሩም በኋላ ቅኝቱ ያው ነው። ዋጋ የሚሰጠው ሰብሳቢ ነው፤ እሱም ማኅተሙ የታወቀ ቤት፣ ለምሳሌ የብራስልሱ አልበርት ወይም የፓሪሱ ቡፌ ክራምፖን፣ ሆኖ እንጨቱ ካልተሰነጠቀ ነው። ማኅተሙን ሳያነቡ ዋጋ አይቁረጡ። ሳጥኑንና አፍ መንፊያውን ለብቻ አይሽጡ፤ ሳጥኑ ላይ የባንዱ ቁጥር ወይም የንብረት ምልክት ካለ ከነጽሑፉ ፎቶ ያንሱት፣ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር እሱ ነው።